ስለ ምድር ባቡር እንጀራ

ቡኢ ላይ «ባቡር» የተባለ እንደሆነ ሰው ሁሉ የሚያስበው ወፍጮውን ነው። «እህሉን ባቡር አድርሰህ ና» እየተባልን ነው ያደግነው። ናፍጣ ጠጥቶ፣ ቱፍ ቱፍ ብሎ ዱቄት የሚተፋ ነገር፤ ለእኛ ባቡር ይኸው ነበር። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ያየሁት ለትምህርት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ «ባቡር ላይ ልሠራ ነው የማስበው» ቢል፣ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና «ዐሥራ ሁለት ዓመት የተማርከው ወፍጮ ልትፈጭ ነው እንዴ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። አባባ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አልፏል፤ ምህንድስና ሊያስገባው የሚችል ውጤት አለው። ሐሳቡም የምድር ባቡር ሙያ ነው፤ ነጂነት ቢሆን፣ ጥገና ቢሆን፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ቢሆን ግድ የለውም፣ ብቻ ባቡር ይሁን። አባባ ደግሞ የሚያውቀው የአገራችንን ሰው መንገድ ነው። ከሶዶ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ጫማ ጠርጎ፣ ሎተሪ አዙሮ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ አንድ ቀን የራሱን በር ይከፍታል። (ሶዶ ስል የእኛን የክስታኔን ሶዶ ማለቴ ነው። የወላይታው ሶዶ ሌላ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ነገር ግን ወደ በኋላ ይመጣል።) «የራስ በር» የምትለዋ ቃል አባባ ዘንድ ትልቅ ቃል ናት። ባቡር ላይ ግን የራስ በር የለም። ሐዲዱም የሰው፣ ሞተሩም የሰው፣ ቁልፉም የሰው ነው።

ሲከራከሩ አመሹና አባባ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ታሪክ ታነባለህ ይባላል። ይኼ ባቡር የሚሉት ነገር ከዚህ በፊት እንጀራዬ ብሎ የያዘውን ሰው ምን አደረገው? እስቲ ፈልገህ ንገረን» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ የታሪክ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ፣ ባቡሩ በወረቀት ላይ ወደ እኛም አቅጣጫ ሊመጣ ታስቦ የነበረ መሆኑ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ቢሠራ ኖሮ ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ መውረዱ ስለማይቀር፣ የጉራጌን አገር በጎን ወይም በመሐል ይነካ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ካርታ ዘርግቼ በጣቴ መስመሩን እየሳብኩ ያመሸሁበት ቀን አለ። አልተሠራም። ወረቀት ሆኖ ቀረ።

የቀሩት ሁለቱም ቢሆኑ እንደታሰቡት አልሆኑም። ኢልግና ፈረንሳዩ ሊዮን ሼፍኖ ያቋቋሙት ኩባንያ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራውን ጀመረ። ወደ ሐረር ሊወጣ ሲል ግን ተራራው ወጪውን አበዛበት። መሐንዲሶቹም ሐረርን ከላይ ትተዋት በግርጌዋ ባለው ቆላ አለፉ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ ጸንቶ የቀረው ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ለዘመናት ነጋዴው ሁሉ ሲመላለስባት የኖረችው ሐረር ወደ ጎን ቀረች። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሐረሮችን ማንም አልጠየቃቸውም፤ አንድ የወጪ ሒሳብ አንዲቱን ከተማ ወለደ፣ የሌላይቱን ገበያ አቀዘቀዘ። ባቡር እንጀራ መስጠቱን ብቻ ሳይሆን እንጀራ መንሣቱንም ከዚህ ነው ያየሁት።

ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ምኒልክም የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ እጁን ማግባቱን ሲያዩ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሠረ። በ1900 ዓ.ም. በንጉሡ ሐኪም በዶክተር ቪታሊየን በኩል አዲስ ፈቃድ ተሰጠና የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ምኒልክ ግን በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ስለነበር አላዩትም።

ወደ ሠራተኛው ልመለስ፤ አባባ የጠየቀኝ ስለ ንጉሥና ስለ ውል አይደለምና።

በዚህ መሥመር ላይ ሙያ ማለት ቋንቋ ነበር። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባውን ጣቢያ «ለገሃር» ስንል ፈረንሳይኛ መናገራችን ነው፤ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው፣ ማለት ነው። «ፉርጎ»ም የመጣው ከዚያው ነው። የሐዲዱን አፈር የቆፈረው፣ ብረቱን የተሸከመው አፋሩ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ዐረቡ፣ አማራውና ሌላውም ነው። ከፍ ባለው ወንበር ላይ ግን ፈረንሳዊው ነበር፤ በመካከል ደግሞ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ በመሆኑ፣ ድሬዳዋ ላይ ከመዶሻ ወደ ብዕር መዛወር የፈለገ ሁሉ ፈረንሳይኛ መማር ነበረበት። ዛሬም የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ሲያወሩ መሐል ላይ አንድ ሁለት የፈረንሳይኛ ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ ለጉራ የሚመስለው ሰው አለ፣ ግን የእንጀራ ቋንቋቸው ስለነበረ ነው።

ስለ እንጀራና ስለ ዕውቀት ካነሣን አንድ ሰው አይታለፍም፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በኦስትሪያና በጀርመን የተማረው ይህ የዐድዋ ልጅ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሹሞ ነበር፤ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሞተ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዋና ሐሳቡን በራሴ ቃል ላስቀምጠው፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ዕውቀት የሌለው ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም ይቀበላል፣ እየተገበያየም ይደኸያል። እኔ ይህን መጽሐፍ ሳነብ የማስበው ድሬዳዋ ጉምሩክ ደጃፍ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ቡናውና ቆዳው በፉርጎ ይወርዳል፤ ጨርቁና ብረታ ብረቱ በፉርጎ ይወጣል። ሐሳቡ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣለት አይመስለኝም። ባቡሩ በየቀኑ ፊቱ እየጫነና እያራገፈ ያስተምረው ነበር።

የእኔም አያት ባቡሩን ያዩት ሲጫንና ሲራገፍ ነው። በ1950ዎቹ ከቡኢ በእግራቸው ወጥተው ለገሃር አካባቢ ኩሊ ሆኑ። ጆንያ፣ ሣጥን፣ የቆርቆሮ ጥቅል፤ ከፉርጎ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ መጋዘን። ተሳፍረውበት አያውቁም። በመጨረሻ ቆጥበው መርካቶ አንዲት በር ከፈቱ፤ ሲያረጁም ወደ ቡኢ ተመለሱ። አባባ «የራስ በር» የሚለውን ቃል ያገኘው ከእሳቸው ነው። ልብ በሉ፣ እሳቸው ባቡርን ጠልተው አልተዉትም። ፉርጎው እስኪመጣ የመጠበቅ ነገር ሰለቻቸው እንጂ። «ጀርባዬ የእኔ ነው፣ ሰዓቱ ግን የባቡሩ ነበር» ይሉ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች።

ውስጥ የነበሩትስ? የባቡር ሠራተኞች በአገራችን በደመወዝ ከሚኖሩ ሰዎች ቀድመው የተደራጁ ናቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ በመንግሥት ኃይል ተመታ። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የተፈቀደው ዘግይቶ በ1950ዎቹ ነው። በ1952 ዓ.ም. በጸናው ስምምነት ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የኩባንያውን ግማሽ ይዞ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ነበር። ማለት፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ባለቤትነቱ በግማሽ የገባልን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ያሳዝናል፣ ባጭሩ ልለፈው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መሥመሩ ተቋረጠ፤ በኋላ ተጠገነ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ብረቱ እያረጀ፣ የጭነት መኪናው እየበዛ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ፤ ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው ቁራጭ ጥቂት ጊዜ ሲንፏቀቅ ቆየ።

ታዲያ ባቡሩ ሲቆም ሰዎቹ ምን ሆኑ? ይህን ከመጽሐፍ ማግኘት አቃተኝ። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሜ በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ ሄድኩ። (አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው፤ አሮጌው ከዚራ መሐል፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሁለቱን አይቶ የትኛው ለሰው ተብሎ እንደተሠራ መለየት አይከብድም።) እዚያ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው አገኘሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ዕድሜያቸውን በጥገና ክፍል ያሳለፉ ናቸው። ጫት ዘርግተው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አጫወቱኝ።

«አባባ፣ ሥራውን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«ጆሮዬ» አሉኝ። ሳቁና ቀጠሉ። «እኔ ስገባ ልጅ ነበርኩ። አለቃዬ የሐረር ሰው ነበር፣ እሱን ደግሞ ያስተማረው አንድ ግሪክ ነው። ግሪኩ አያስተምርም፣ ይሠራል፤ አንተ ታያለህ። ሞተር ሲያስል ከየት እንደሚያስል በጆሮ ነው የምትይዘው። ዕቃ ሲጠፋ ራሳችን አቅልጠን፣ ሞርደን እንሠራ ነበር። ከፈረንሳይ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል?»

«ይህን ሁሉ የጻፉት ነገር አለ?»

መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ይኸውልህ። ሌላ የጻፍኩት የለኝም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ነው የአባባ ጥያቄ በውስጤ መልኩን የቀየረው። ባቡሩ ሰውዬውን አልጎዳቸውም። ልጆች አሳድገውበታል፣ ቤት ሠርተውበታል፣ ዛሬም «የምድር ባቡር ሰው» መባላቸውን እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጥሩት። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። መቶ ዓመት በእጅና በጆሮ የተጠራቀመ ዕውቀት መሥመሩ ሲቆም አብሮ ጡረታ ወጣ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ያንን ዕውቀት የሚቀበል መዝገብ አልነበረም። እንደገና ከሀ ጀመርን ማለት ነው፤ ያውም በሌላ ሰው ፊደል።

አዲሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ መሥመር በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ለቡ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ስለሆነ የድሮው ባቡር በላዩ ሊሄድ አይችልም፤ የድሮውም ሙያተኛ እንዲሁ። ነጂውም፣ ጥገናውም፣ አስተዳደሩም መጀመሪያ በቻይናውያን እጅ ነበር። የእኛ ልጆች ቻይና ሄደው ሠለጠኑ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው ተማሩ፤ በ2016 ዓ.ም. የማስተዳደሩ ሥራ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች ተላለፈ። ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ከአርባ ዓመቱ ጋር ሲተያይ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፣ አባባም ይህን ሲሰማ ራሱን ነቅንቋል።

ነገር ግን የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር እዩት። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ተሰልፈን ስንጠብቅ የምናማው ሾፌሩን ወይም ትኬት ቆራጯን ነው። ጉዳዩ ግን ያ የድሬዳዋ ሽማግሌ «አቅልጠን፣ ሞርደን» ያሉት ነው። ዕቃ ሲጠፋ የሚያቀልጥና የሚሞርድ ከሌለ፣ ባቡሩ የሚያምር ቆርቆሮ ነው።

አሁን ሁለቱ ሶዶዎች ወደሚገናኙበት ልምጣ። ከዓለምገና ተነሥቶ በቡኢና በቡታጅራ አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚገባውን መንገድ ሁላችን እንሄድበታለን፤ ማን እንዳሠራው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ «የዓለምገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት» ተብሎ በተቋቋመ ማኅበር፣ አዲስ አበባ ያለው የአገሬው ተወላጅና ገበሬው ገንዘብ አዋጥተው ያስጀመሩት መንገድ ነው። መንግሥት አገዘ፣ ግን ቀድሞ ኪሱን የገባው ሕዝቡ ነው። የእኔም አያት ከኩሊነት ካገኟት ከፍለዋል፤ ደረሰኙን አባባ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ይዞታል።

ይህን ለአባባ አነሣሁበት። «ያ መንገድ የራስ በር ነበር?» አልኩት።

«አልነበረም። የሁሉም ነው» አለ።

«ታዲያ አያቴ ለምን ከፈሉ?»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሲፈርስ እኛው እንደምንጠግነው እናውቅ ነበራ! አካፋው ቤታችን ነው። የባቡሩን አካፋ ማን ቤት ነው የማገኘው?» አለኝ።

እኔ ሳነብ ከርሜ በብዙ ገጽ ያልጨረስኩትን ነገር አባባ በአንድ አካፋ ጨረሰው። ልከራከረው አልቻልኩም። ከምኒልክ ውል ጀምሮ እስከ ለቡ ድረስ ያለው ነገር ሁሉ የአካፋው ጥያቄ ነው፤ ፓሪስ ነበር፣ ከዚያ ድሬዳዋ ሽማግሌዎች መዳፍ ውስጥ ገባ፣ እዚያው ቀረ፣ አሁን ከቻይና እየመጣ ነው። ወንድሜን «ግባበት» የምለው ደመወዙ ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ስንት እንደሚከፈል እንኳ አላጣራሁም። «ተወው» ለማለትም አልችልም። ነጋዴ ልጆች አሉን፣ ብዙ። የሚሞርድ ግን የለንም። እንዲያውም ሞርዶ የሚጽፍ።

ይህንኑ ነገርኳቸው። አባባ እሺም እንቢም አላለም። ወንድሜ ቅጹን ሞላ፤ አንደኛ ምርጫው ምህንድስና ነው፣ ከዚያ ወደ ባቡሩ የሚያደርሰውን መንገድ ራሱ ይፈልጋል። ቁርጡ ገና አልታወቀም።

ባለፈው ሳምንት ቤት ደውዬ ነበር። የቡኢው ባቡር፣ ማለቴ ወፍጮው፣ ተበላሽቶ ከቡታጅራ መካኒክ መጥቶለት እንደነበር እናቴ ነገረችኝ። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ሲያቀብል ውሎ፣ በግራሶ ተለውሶ፣ ማታ ገባ አለችኝ። ሸሚዙ ለመታጠብም አልሆነ።

«ታዲያ ጠገኑት?» አልኳት።

«አልተነሣም። ሰዉ አሁንም ኬላ ድረስ ነው የሚያስፈጨው» አለች። «እሱ ግን የተፈታውን ብረት ሁሉ አንድ በአንድ በአባትህ የዱቤ ደብተር ላይ ሥሎ መጣ። አባትህ ደግሞ ደብተሬ ተበላሸ ብሎ ይቆጣል ብዬ ስፈራ፣ መነጽሩን አድርጎ ሲያገላብጥ አመሸ።»